ስለ ሹማምንት መጠሪያ በጋዜጣና በራዲዮ

ሰው ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንዱን የሚሰጠው ወላጁ ነው፤ ሁለተኛውን ግን የሚሰጠው ሹመቱ ነው። ወላጅ ያወጣው ስም ሰውን እስከ መቃብር ይከተለዋል፤ ሹመት የሰጠው ስም ግን ከሹመቱ ጋራ መጥቶ ከሹመቱ ጋራ ይሄዳል። እነዚህን ሁለቱን አስማምቶ በየዕለቱ በሕዝብ ፊት የሚጠራው ጋዜጠኛ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛ ሹምን ሲጠራ ቃሉ ሦስት ወገን ይነካል፤ የተጠራውን ሰው፥ የሚሰማውን ሕዝብ፥ የሚናገርበትንም ቋንቋ። ክብርን ከልክ አሳልፎ ቢሰጥ ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል፤ ከልክ አሳንሶ ቢሰጥ ስድብ ይሆንበታል። ልኩን ያገኘ እንደ ሆነ ግን እውነትን በሥርዓት ተናገረ ይባላል።

ዛሬ የምንመረምረው ይህንን ነው። በጋዜጣ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሹማምንት የሚጠሩበት አማርኛ ከወዴት እንደ መጣ፥ አሁንም በምን ላይ እንዳለ፥ የትኛው ሊጸና የትኛውም ሊታረም እንደሚገባ በመጠኑ እንጽፋለን። ይህንንም የምናደርገው ሰውን ለመንቀፍ ሳይሆን ቋንቋን ለማቅናት ነውና አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲመለከቱት እንለምናለን።

አስቀድሞ የቋንቋውን ጠባይ መናገር ይገባል። በግእዝ ለአንድ ሰው የሚነገር የአክብሮት ተውላጠ ስም የለም። ንጉሡም ባሪያውም፥ መምህሩም ደቀ መዝሙሩም «አንተ» ይባላል፤ ሴትም እመቤት ብትሆን ወይም አገልጋይ «አንቲ» ትባላለች። አማርኛ ግን «አንተ» እና «አንቺ» ካለ በኋላ «አንቱ» እና «እርስዎ» የሚሉትን ጨመረ፤ ለሩቅም «እርሱ» እና «እርስዋ» ካለ በኋላ «እርሳቸው» አለ። ግሡንም አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቈጥሮ «መጡ»፥ «ተናገሩ» ይላል። በዕውቀቱ ወይም በሥራው የታወቀውንም ሰው «አንቱ የተባለ» እንለዋለን፤ ከተውላጠ ስሙ ማዕረግ ወጣለት ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይኸው የአማርኛ ተናጋሪ አለቃውን «እርስዎ» እያለ ፈጣሪውን «አንተ» ይላል፤ የጎረቤቱን እናት «እርስዎ» እያለ እመቤታችንን «አንቺ» ይላል። አለቃው ከፈጣሪ በልጦበት ነውን? አይደለም። «እርስዎ» የሚለው ቃል በሰውና በሰው መካከል ያለውን ርቀትና ጨዋነት ይለካል እንጂ የባለቤቱን የክብር መጠን አይለካም። ስለዚህ «አንተ» ያለ ሁሉ ናቀ አይባልም፤ «እርስዎ» ያለም ሁሉ አከበረ አይባልም። ይህንን መሠረት ያልያዘ ሰው ስለ መጠሪያ የሚናገረው ሁሉ ይናወጥበታል።

ሁለተኛም የጥንቱን የማዕረግ ስም የመረመረ ሰው አንድ ትምህርት ያገኛል። የቀድሞው ማዕረግ አብዛኛው የሥራ ስም ነበረ። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚሄድ ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፥ ግራዝማች የግራውን ክንፍ የሚያዘምት ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል በጽሕፈት የሚያወጣ፥ አፈ ንጉሥ በንጉሡ አፍ ሆኖ የሚፈርድ ነው። ኋላ ብዙዎቹ ከሥራቸው ተለይተው የክብር ጌጥ ብቻ ቢሆኑም ቃላቸው ሲተረጐም ሰውዬው ምን እንዲሠራ እንደ ተሾመ ይናገራል። ሰሚውም ማዕረጉን በሰማ ጊዜ ሥራውን ሊጠይቀው ይችል ነበረ፤ ፊታውራሪ ወደ ኋላ ቢሸሽ ስሙ ራሱ ይከሰዋልና።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የመጣው አዲሱ ስምም እንደዚሁ የሥራ ስም ነው። «ሚኒስትር» በላቲን አገልጋይ ማለት ነው፤ በጽርእ ቋንቋ ዲያቆን እንደ ማለት ነው። እንግዲህ «ክቡር ሚኒስትር» ያለ ሰው ቃሉ ቢተረጐም «ክቡር አገልጋይ» ማለቱ ነው። ይህም መልካም ስም ነበረ፤ ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ ክብሩ አገልግሎቱን እንዳይንቅ፥ አገልግሎቱም ክብሩን እንዳያጣ። ችግሩ ከሁለቱ ቃላት ፊተኛው ብቻ ጐልቶ ሁለተኛው በተረሳ ጊዜ ነው።

«ክቡር» የሚለው ቃል ከፊታውራሪና ከነጋድራስ የሚለየው የሥራ ምልክት ስለሌለው ነው። ምን ሠርቶ ከበረ ቢሉ ቃሉ መልስ አይሰጥም። የቅኔ ተማሪ «ክቡር» ከሚለው አጠገብ «ከበሮ» የሚለውን ቢያገኝ ሰምና ወርቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ድምፃቸው ይቀራረባልና። ከበሮም ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ነው። አንድ ዜና በአምስት መስመር ውስጥ አራት ጊዜ «ክቡር» ያለ እንደ ሆነ፥ ክቡሩ ምን እንደ ሠሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያልነገረን እንደ ሆነ፥ የሰማነው ዜና አይደለም፤ ከበሮ ነው።

በዚህ ነገር ወንጌላዊው ሉቃስ ጥሩ መምህር ነው። በወንጌሉ መግቢያ ቴዎፍሎስን በክብር ስም ይጠራዋል፤ በግብረ ሐዋርያት መግቢያ ግን ይህንኑ ሰው በስሙ ብቻ ይጠራዋል። ሊቃውንት ስለ ምክንያቱ ብዙ ቢሉም ለጽሕፈት ሥርዓት የሚጠቅመን ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ በሚገባ የተሰጠ ክብር በየገጹ ሲደጋገም አይጨምርም፤ ሲቀርም አይጎድልም። ጳውሎስም በአገረ ገዢው በፊስጦስ ፊት በቆመ ጊዜ የሹመቱን ክብር አልነፈገውም፤ ነገር ግን የክብሩን ቃል የተናገረው እብድ ነህ ያለውን ገዢ ሲቃወም ነው። አክብሮትና እውነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

«አቶ» እና «ወይዘሮ» የሚሉትም ታሪክ አላቸው። «አቶ» ለመኳንንትና ለመሳፍንት ልጆች ይነገር ከነበረው «አቤቶ» ከሚለው እንደ ወጣ ይነገራል፤ «ወይዘሮ»ም የቤተ መንግሥትና የትልቅ ዘር ሴት መጠሪያ ነበረ። ዛሬ ሁለቱም ለማንኛውም ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ይነገራሉ። ይህ ውድቀት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኛ ግን ውድቀት አንለውም። የጥቂቶች የነበረ ክብር ለሁሉ ሲዳረስ ክብሩ ወረደ ሳይሆን ሕዝቡ ወጣ ይባላል። ስለዚህ አንድ ሹም ሌላ ማዕረግ ከሌለው «አቶ» መባሉ አያሳንሰውም፤ «ክቡር አቶ» ማለት ግን ካባ በካባ ላይ መደረብ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ማስታወስ ይገባል። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሥልጣኑም ማዕረጉም በአንድ ቀን ተነሣ። ያ ዘመን ሰውን ሁሉ እኩል አደርጋለሁ ብሎ «ጓድ» የሚለውን ቃል አመጣ። ቃሉ ያማረ ነው፤ የመንገድና የችግር ባልንጀራ ማለት ነውና። ነገር ግን ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ የአገሩን መሪ ስም በራዲዮ የሰማ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቷል፤ «ጓድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ፥ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንት፥ የአብዮታዊ ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ»። ከዚያ በፊት «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይባል ነበረ። አንባቢ ሁለቱን በእስትንፋሱ ይለካቸው። የማዕረግ ጅራት ተቈረጠ በተባለበት ዘመን ጅራቱ ረዘመ። ከዚህ የምንማረው ቃልን በመለወጥ ብቻ ልማድ እንደማይለወጥ ነው፤ ፍርሃት ካለ «ጓድ» የሚለውም ቃል ያስሰግዳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዛሬው ጽሕፈት እንመለስ። ፊተኛው ነቀፋችን የሰዋስው ነው። «ክቡር» ለወንድ ነው፤ ለሴት ሲሆን «ክብርት» ይባላል፤ ቅዱስ ቅድስት፥ ብፁዕ ብፅዕት እንደሚባል ማለት ነው። «ክቡርት» ተብሎ ተጽፎ ሲታይ ግእዝም አማርኛም አይደለም። ብዙ ሲሆኑም ክቡራንና ክቡራት ነው። «የተከበሩ» የሚለውም ይኸው ነው፤ ትርጓሜው ከ«ክቡር» አይለይም፤ አንዱ በግእዝ፥ ሁለተኛው በአማርኛ ተነገረ እንጂ። ለምክር ቤት አባል «የተከበሩ»፥ ለሚኒስትር «ክቡር» ማለት የቤተ መንግሥት ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ መደረብ ግን አይገባም። ይህ ደዌ በእኛም ቤት መኖሩን መሸሸግ አይገባም፤ «አቡነ» ማለት አባታችን ማለት ሆኖ ሳለ «አባታችን አቡነ» እያልን አንዱን ቃል በሁለት ልሳን እንደግመዋለን።

ስለ ሴቶች ሹማምንት ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለ። «እርሳቸው» የሚለው ቃል ወንድና ሴት አይለይም። ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. ርእሰ ብሔር የነበሩት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ዜናቸው ሲነገር «ፕሬዚዳንቷ ገለጹ» ይባል ነበረ፤ በስሙ ላይ ያለው ምዕላድ ሴትነታቸውን ይናገራል፤ ግሡ ግን ከወንዱ ፕሬዚዳንት ጋራ ያስተካክላቸዋል። አማርኛ በአክብሮት ደጃፍ ሲገባ ጾታን ውጭ ትቶ ይገባል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ሀብት ይዞ ሳለ ሴቲቱን ሹም በስሟ ብቻ ወንዱን በማዕረጉ የሚጠራ ጸሐፊ ቢገኝ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በቋንቋው አያመካኝ።

ሁለተኛው ነቀፋ የትምህርት ማዕረግ አጻጻፍ ነው። በዛሬ ጋዜጦች «ዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር)»፥ «ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር)» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ለዚህ አጻጻፍ የሚሟገት ሰው ምክንያት አያጣም፤ ሹመቱ ሌላ ትምህርቱም ሌላ ስለ ሆነ በቅንፍ መለየቱ ነው ይላል። አሳቡን እናመሰግናለን፤ አኳኋኑን ግን አንቀበልም። በአማርኛ ማዕረግ ስምን ይቀድማል፤ አለቃ ገብረ ሐና፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እንላለን እንጂ ገብረ ሐና አለቃ አንልም። ደግሞም ቅንፍ ለዐይን ነው እንጂ ለጆሮ አይደለም፤ ጋዜጣውን ጮኾ የሚያነብ ሰው በዚያ ቦታ ምን ሊል ነው? መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰውዬው በሹመቱ ሲናገር የሹመቱ ስም ይበቃዋል፤ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ካልን በኋላ የዶክተርነት ማዕረግ ለነገሩ የሚጨምረው የለም። ሐኪም ስለ በሽታ፥ የሕግ ሊቅ ስለ ሕግ ሲናገር ግን ዕውቀቱ ለነገሩ ምስክር ነውና «ዶክተር» ተብሎ ከስሙ በፊት ይጻፍ።

ሦስተኛው ስለ ስም መቍረጥ ነው። ይህ የውጭ አገር ጋዜጦች ስሕተት ነው፤ ለእኛ ግን የሚያስጠነቅቅ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው በቤተ ሰብ ስም ስለሚጠራ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት «ሥላሴ» ብለው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሥላሴ ኃይል ማለት ነው፤ ከሁለት ተከፍሎ ኋለኛው ብቻ ሲነገር የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የአምላክ ስም ይሆናል፤ ይህን ያነበበ ካህን ሊደነግጥ ይገባዋል። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተመረጡትን ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም ገብረ ኢየሱስንም «ገብረ ኢየሱስ» ብቻ ብለው የጠሩ አሉ፤ ልጁን ሊያከብሩ ፈልገው አያቱን ጠሩ። በእኛ ሥርዓት ክብር የሚያርፈው በሰውዬው በራሱ ስም ላይ ነው፤ «ዶክተር ቴድሮስ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ ትክክለኛው ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ለመጻፍ የመዝገብ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የውጭውን ዜና ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ ግን የሚያስገድደው የለምና ስሕተቱን አብሮ እንዳይተረጕም ይጠንቀቅ።

አራተኛው በጥያቄና መልስ ጊዜ የሚሆነው ነው። ጠያቂው «ክቡር ሚኒስትር» ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ሰጡት ጊዜ ያመሰግናል፤ ስለ ሠሩት ሥራ ያመሰግናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ደከመ መልሱም ይደክማል። ከዚህ ወገን በተቃራኒ ደግሞ ደፋር ለመባል ሹሙን «አንተ» የሚል ወጣት አለ። ሁለቱም አንድ ስሕተት ተሳሳቱ፤ ድፍረትን በተውላጠ ስም ውስጥ ፈለጉት። ድፍረት ያለው በጥያቄው ውስጥ ነው። «ገንዘቡ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ «እርስዎ» ተብሎ ቢጠየቅ ስለቱ አይዶለዱምም፤ ይልቁንም ተጠያቂው ተሰደብሁ ብሎ የሚያመልጥበትን በር ይዘጋበታል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን፤ ይኸውም ሹም ከሹመቱ በወረደ ጊዜ የሚሆነው ነው። ትናንት «ክቡር ሚኒስትር ገለጹ» ሲል የነበረ አፍ ሰውዬው የተያዘ ዕለት «ግለሰቡ ተያዘ» ይላል። በአንድ ሌሊት «ክቡር» ጠፋ፤ «አቶ» ጠፋ፤ «ገለጹ» የሚለው የአክብሮት ግሥም ጠፋ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና እንደ ታሰረ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታዩ። ጥፋተኛ ናቸው ወይም አይደሉም ማለት የዳኛ ሥራ ነው፤ የእኛ ነገር ይህ ነው፤ ዳኛ ሳይናገር ሥዕሉ ተናገረ። ሥዕል የሚፈርድ ከሆነ ቃልም እንዲሁ ይፈርዳል፤ «ተያዙ» በሚለውና «ተያዘ» በሚለው መካከል ያለችው አንዲት ፊደል በሰሚው ልብ የፍርድ ወረቀት ትሆናለች።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር፥ በ24ኛው አንቀጽ ደግሞ የማንኛውም ሰው ክብርና መልካም ስም እንዲጠበቅ ያዛል። ሕጉ ይህን ሲል የአማርኛን ግሥ አላሰበ ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ክብር በግሡ ውስጥ ስላለ ሕጉ ግሡንም ይገዛዋል ማለት ይገባል። ያለ ዳኛ ፍርድ ሰው መጣል ወዴት እንደሚያደርስ አገራችን ታውቀዋለች፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ከሌሎች የቀድሞ ሹማምንት ጋራ ያለ ፍርድ ቤት ተገድለዋል።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት በመጀመሪያ የተናገርነውን መያዝ ይበቃል። ከሹመት ጋራ የመጣ ከሹመት ጋራ ይሂድ፤ ከሹመት በፊት የነበረ ግን ይቅር። «ክቡር ሚኒስትር» የሹመቱ ነው፤ ሲሻሩ ይነሣ፤ «የቀድሞው ሚኒስትር» ይባሉ። «አቶ» እና «እርሳቸው» ግን ከሹመት አልመጡም፤ ሰውዬው ሳይሾሙም የነበሩ የሰውነት መብት ናቸው። የአገራችን ተረት ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል ይላል፤ ስለ ጋዜጠኛ ቢተረት ደግሞ ሲሾም ያልጠየቀ ሲሻር ይሳደባል ሊባል ይችላል። ሹሙ በሥልጣን ሳለ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ፥ ከወረደ በኋላ ግሥ በመቀማት የሚገኝ ጀግንነት የለም።

ይኸው ሚዛን ወደ ታችም ይሠራል። በአንድ ዜና ውስጥ «ሥራ አስኪያጁ ተናገሩ፥ የቀን ሠራተኛው ተናገረ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱ በዕድሜ እኩል ቢሆኑስ? እንግዲህ ጋዜጣው ሳያውቀው ምሥጢሩን ገለጠ፤ የሚያከብረው ሰውን ሳይሆን ወንበርን ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ ዘበኛም ቢሆን ሚኒስትር፥ ከሳሽም ቢሆን ተከሳሽ፥ በዜና ውስጥ አንድ ዓይነት ግሥ ሊነገርለት ይገባል። ያን ጊዜ ለሹም የሚሰጠው አክብሮት ከፍርሃት መጣ አይባልም፤ ለሁሉ የተሰጠ ነውና።

ምናልባት እንዲህ ከሆነ ማዕረግን ሁሉ ብንተወውስ የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቶ ያውቃል። አሜሪካ የመጀመሪያውን መሪዋን በሾመችበት በ1781 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1789፥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ «ልዑልነታቸው» የሚል ረጅም ስም እንዲሰጥ ፈልጎ ነበረ፤ የሕዝብ እንደራሴዎቹ ግን የሹመቱ ስም ብቻ ይበቃል አሉ፤ የእነርሱም አሳብ ጸና። እነዚያ ሰዎች ማዕረግን አልጣሉም፤ የሥራውን ስም ማዕረግ አደረጉት እንጂ። ይህም ከላይ ስለ ፊታውራሪና ስለ ነጋድራስ ካልነው ጋራ ይስማማል። ማዕረግን ፈጽሞ መተው ለአማርኛ አይስማማውም፤ በግሡ ውስጥ አክብሮትን የተሸከመ ቋንቋ መጠሪያውን ቢያራቍት ግማሽ ልብስ ለብሶ እንደ ወጣ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ምክራችንን በአጭሩ እንጨርሳለን። በዜና መጀመሪያ የሹሙ የሥራ ስምና ሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የሥራው ስም ብቻ ወይም «አቶ»ና «ወይዘሮ» ይበቃል። «ክቡር» እና «ክብርት» ለደብዳቤ፥ ለምክር ቤትና ለፊት ለፊት ንግግር ይቀመጡ፤ በዜና ውስጥ አይግቡ። የትምህርት ማዕረግ ለነገሩ ሲጠቅም ከስም በፊት ይነገር። ስም በመካከሉ አይቈረጥ። ከሹመት የወረደ፥ የተያዘ፥ የተከሰሰም ሰው የሹመቱን ስም ይጣ እንጂ የሰውነቱን ግሥ አይጣ። ጋዜጣ ይህን ቢጠብቅ ሹማምንት የሚያጡት ነገር የለም፤ እውነተኛ ክብራቸው በሠሩት ሥራ ውስጥ ይነገራልና። ሕዝቡም ይጠቀማል፤ ስሙን ከሥራው፥ ከበሮውንም ከክብሩ ለይቶ መስማት ይለምዳልና።